ጉጉትና የፎቶግራፍ መሣሪያ፤ ሰው ራሱን መሸሸግ የተማረበት ታሪክ

ጉጉት በቀን ብርሃን ከአሮጌ ዛፍ ፍልፍል አፍ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ የዛፉን ቅርፊት ትመስላለች። የላባዋ መልክ ከግንዱ መልክ ጋራ አንድ ስለ ሆነ መንገደኛ ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል እንጂ አያያትም፤ እርስዋ ግን ታየዋለች። ሰው በእግሩ ወደ ዛፉ ቢቀርብ ወደ ፍልፍሉ ውስጥ ትገባለች፤ ወይም ድምፅ ሳታሰማ በርራ ትሄዳለች። በአውቶሞቢል መጥቶ ከመንገዱ ዳር ቢቆምና ከውስጡ ባይወርድ ግን ብዙ ጊዜ ዐይንዋን ገለጥ አድርጋ ታየውና መልሳ ታንቀላፋለች። እርሱም መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ የፎቶግራፉን መሣሪያ በመስኮቱ ላይ ያስደግፋል፤ መልክዋንም ወስዶ በሰላም ይሄዳል።

ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ በዚህ ትንሽ ጥበብ ላይ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ደክሟል። በዚያም ድካም መንገድ ላይ ስፍር ቍጥር የሌለው ወፍ በጥይት ወድቋል፤ ብዙ ጎጆ ፈርሷል፤ አንድ ስመ ጥር ሰውም ዐይኑን አጥቷል። ስለዚህ ታሪኩ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ምስል ዋጋውን የሚከፍል ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ የወፍን መልክ በትክክል ሊሥል የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ብሩሽን ሳይሆን ጠመንጃን ነበር። በ1785 ተወልዶ በ1851 የሞተው ጆን ጄምስ ኦዱቦን ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ሰው ከ1827 እስከ 1838 ድረስ ባሳተመው የአሜሪካ ወፎች መጽሐፍ ውስጥ 435 ታላላቅ ሥዕሎች አሉ፤ ከነዚያም መካከል ጉጉቶች ይገኛሉ። ወፎቹ በሥዕሉ ላይ ሲታዩ የሚበሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚበሉ ይመስላሉ። ነገር ግን ኦዱቦን አብዛኛውን ጊዜ ወፉን ተኩሶ ከገደለ በኋላ ክንፉንና አንገቱን በሽቦ እየደገፈ በሕይወት ያለ አስመስሎ ያቆመው ነበር። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ያለው ሕይወት ከሞት የተወሰደ ነበረ። በዚያ ዘመን ይህ ነውር አልነበረም፤ ወፍን ለማወቅ ከመግደል በቀር ሌላ መንገድ የለም ተብሎ ይታመን ነበርና።

የፎቶግራፍ ጥበብ በ1839 ለዓለም በተገለጠ ጊዜ ይህን ልማድ ወዲያው አልለወጠውም። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ብርሃንን የሚቀበሉት በዝግታ ስለ ነበረ ፎቶግራፍ የሚነሣው ነገር ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ሰው ትንፋሹን ይዞ በወንበር ላይ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ ወፍ ግን ይህን አያደርግም። ከዚያም በኋላ የመጣው እርጥብ የመስተዋት ሰሌዳ በሥፍራው ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ብርሃን ተቀብሎ፣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ይህን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ወፍን ከማየቱ በፊት ወፉ እርሱን ያየዋል። በ1871 ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጄላቲን የተሠራውን ደረቅ ሰሌዳ ገለጠ። ይህም ሰሌዳ በሌሎች እጅ እየተሻሻለ ሄዶ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሣጥን የሚያዝ፣ ብርሃንንም ፈጥኖ የሚቀበል ሆነ። ከሀያ ዓመት በኋላ በ1891 ቶማስ ሩዶልፈስ ዳልማየር ሩቁን የሚያቀርብ የፎቶግራፍ መነጽር አወጣ። እንዲህ ሆኖ መንገዱ ተጠረገ።

በዚያ መንገድ ከቀደሙት ሰዎች ዋናዎቹ ሁለት ወንድማማች ናቸው። ሪቻርድ ኪርተንና ቼሪ ኪርተን ይባላሉ፤ ትውልዳቸው በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ፣ ስዌልዴል በተባለው ሸለቆ፣ ትዌት በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ታላቁ ሪቻርድ በ1862፣ ታናሹ ቼሪ በ1871 ተወለዱ። ሪቻርድ በልጅነቱ የወፍ ጎጆ ሲፈልግ ከዛፍ ወድቆ ስለ ተጐዳ ዕድሜውን ሁሉ በአንድ እግሩ ያነክስ ነበር። ይህ ጉዳት ግን ከወፍ ፍቅር አላራቀውም። ኋላም ወደ ሎንዶን ሄዶ በአንድ የመጻሕፍት ማተሚያ ቤት ሥራ ገባ፤ ወንድሙንም አስከትሎ ወሰደው።

በ1892 በሚያዝያ ወር ሁለቱ ወንድማማች ከሎንዶን ወጣ ብለው አንዲት የምታዜም ወፍ እንቍላልዋን የጣለችበትን ጎጆ አገኙ፤ ቼሪም በርካሽ ዋጋ በተገዛ መሣሪያ ፎቶግራፍ አነሣው። ከዚህ ትንሽ ሥራ ታላቅ አሳብ ተወለደ። በ1895 ሪቻርድ የጻፈውና ቼሪ ፎቶግራፍ ያነሣለት ስለ እንግሊዝ ወፎች ጎጆ የሚናገር መጽሐፍ ወጣ። ይህም መጽሐፍ ሥዕሎቹ ሁሉ በተፈጥሮ ሥፍራቸው ከተነሣ ፎቶግራፍ የተገኙ በመሆናቸው በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከዚያ በፊት የወፍ መጽሐፍ አንባቢ የሚያየው የሠዓሊውን አሳብ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወፉ ራሱ የሠራውን ጎጆ በወፉ ሥፍራ አየ።

ጎጆና እንቍላል ግን አይበሩም። ጭንቁ የመጣው በሕይወት ያለችውን ወፍ በጎጆዋ ላይ ሳለች ለማንሣት በተፈለገ ጊዜ ነው። ኪርተኖች ወፍ የሚያስደነግጣት የሰው መልክ መሆኑን ስላወቁ መልካቸውን መሸሸግ ጀመሩ። በሣርና በቅጠል የተሸፈነ ዳስ ሠሩ፤ ድንጋይ የሚመስል መደበቂያ አበጁ፤ የበግ ቆዳ ለበሱ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የቀረው በ1900 ገደማ የተሠራው በሬ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በእንጨት አጥንት የቆመ፣ እውነተኛ የበሬ ቆዳ የለበሰ ምስል ነበረ፤ ሰውዬው በሆዱ ውስጥ ገብቶ በቆዳው ቀዳዳ በኩል መሣሪያውን ወደ ወፊቱ ያዞር ነበር። ወፎች በግጦሽ መስክ ከብት ማየት ልማዳቸው ስለ ሆነ በሬው ቢቆም አይሸሹም። በውስጡ ያለው ሰው ግን ጐንበስ ብሎ፣ በሙቀትና በመታፈን ተጨንቆ፣ ለብዙ ሰዓት መቆየት ነበረበት። ጠላት ከተማን ለመያዝ በእንጨት ፈረስ ሆድ ውስጥ መግባቱ በጥንት ተረት ይነገራል፤ የኪርተን በሬ ግን ከሆዱ የወጣው ምስል ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የተገኘ ሌላም ብልሃት አለ። ወፍ አንድ ሰው ወደ መደበቂያው ሲገባ ካየች ሰውዬው እስኪወጣ ድረስ ወደ ጎጆዋ አትመለስም። ሁለት ሰዎች አብረው ገብተው አንደኛው ብቻ ተመልሶ ቢሄድ ግን ብዙ ወፎች መደበቂያው ባዶ ቀረ ብለው ይመለሳሉ። ይህም ልማድ በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ወፍን የሚያስፈራት የሰው መኖር ብቻ ሳይሆን የሰውን መኖር ማወቋ መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የቀን ሥራ ነው። ጉጉት ግን አብዛኛውን ሥራዋን የምትሠራው በሌሊት ስለ ሆነ ጨለማውን የሚገልጥ ብርሃን አስፈለገ። በ1887 በጀርመን አገር አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ሊቃውንት የማግኒዝዩምን ዱቄት ከሌላ ቅመም ጋራ ቀላቅለው፣ እሳት ሲነካው ባንድ አፍታ ቦግ ብሎ የሚያበራ የብልጭታ ዱቄት አወጡ። ዱቄቱ እንደ ባሩድ የሚፈነዳ፣ ጢሱም የበዛ፣ ለሚይዘው ሰው አደገኛ ነበረ። ቢሆንም ሌሊቱን በፎቶግራፍ ላይ አስቀመጠው።

በአሜሪካ ጆርጅ ሻይራስ የሚባል የሕግ ዐዋቂ ይህን ዱቄት ይዞ በታንኳ በሐይቅ ዳር እየቀዘፈ ይሄድ ነበር። አዳኞች ከቀድሞ ጀምሮ በታንኳ አፍንጫ ላይ ፋኖስ አድርገው አጋዘን በብርሃኑ ፈዝዞ ሲቆም ይተኵሱበት ነበር፤ ሻይራስ ፋኖሱንና ታንኳውን እንዳለ ወስዶ ጠመንጃውን ብቻ በፎቶግራፍ መሣሪያ ለወጠው። በ1906 በሐምሌ ወር ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን ባንድ ጊዜ አተመለት። ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ የተባለ ጀርመናዊ በምሥራቅ አፍሪካ ያነሣቸውን የሌሊት ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እንዲህም ሆኖ አዳኝ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎች ጠመንጃን ትተው መሣሪያን ያዙ። በ1929 ደግሞ በጀርመን አገር ብልጭታው በመስተዋት ውስጥ የታሸገ መብራት ስለ ወጣ ፍንዳታና ጢስ ቀረ፤ ሰውም ያለ ስጋት በጎጆ አጠገብ ሊያበራ ቻለ።

አሁን የጉጉትን ጠባይ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር አይገባምና። የጉጉት ዐይን እንደ ሰው ዐይን ክብ ሳይሆን እንደ ቱቦ ረዘም ያለ ነው፤ በአጥንት ተይዞ በጕድጓዱ ውስጥ የጸና ስለ ሆነ ወዲያና ወዲህ አይዞርም። ስለዚህ ጉጉት ዐይንዋን በማዞር ፈንታ አንገትዋን ታዞራለች። የሰው አንገት 7 አጥንት ብቻ ሲኖረው የጉጉት አንገት 14 አለው፤ በዚህም ራስዋን እስከ 270 ዲግሪ ድረስ ታዞራለች። ጆሮዋም ቢሆን የሚያስደንቅ ነው። በጎተራና በፈረሰ ቤት የምታድረው ነጭ ጉጉት አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ ድምፅ ከላይ ወይም ከታች መምጣቱን ትለያለች። ሮጀር ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ይህች ጉጉት ምንም ብርሃን በሌለበት ቤት ውስጥ አይጥን በድምፅ ብቻ እንደምትይዝ በፈተና አረጋግጦ በ1971 ጻፈ።

ክንፏ ደግሞ አይሰማም። በ1934 የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ባልደረባ የነበረ ግራሃም የተባለ ሰው ይህን ነገር መርምሮ ሦስት ምክንያት አገኘ፤ የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ነፋሱን ይከፋፍለዋል፤ የላባዋ ገጽ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ የኋላው ጠርዝ ደግሞ ዘርፍ አለው። ግራሃም ይህን የመረመረው አውሮፕላን ያለ ድምፅ የሚበርበት ብልሃት ቢገኝ ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያ ድምፅ የለሽ ክንፍ በሌላ መንገድ ለዓለም ተነገረ።

ኤሪክ ሆስኪንግ በ1909 በሎንዶን የተወለደ፣ በወፍ ፎቶግራፍ ብቻ ኑሮውን ለማቆም የደፈረ ሰው ነው። በ1937 በግንቦት ወር ወደ ዌልስ አገር ሄዶ በዛፍ ፍልፍል ውስጥ የምትኖረውን ቡናማ ጉጉት ለማንሣት ተሰናዳ። ከጎጆው ፊት ለፊት እርሻ ጠባቂ እንደሚሠራው ያለ ከፍተኛ ማማ አቁሞ ከላዩ መደበቂያ ሠራ። የቡናማ ጉጉት ጠባይ በሌላው ጊዜ ከሰው መራቅ ነው፤ ጫጩቶችዋ ከፍልፍሉ ለመውጣት በተቃረቡ ጊዜ ግን የመጣውን ሁሉ፣ ውሻም ቢሆን ሰውም ቢሆን፣ ሳትፈራ ትመታለች። ሆስኪንግ በሌሊት በጨለማ ወደ ማማው ሲወጣ ጉጉቲቱ መጣች። ክንፏ አልተሰማም፤ ጥላዋም አልታየም፤ የተሰማው የጥፍርዋ ምት ብቻ ነበረ። አንዱ ጥፍር በግራ ዐይኑ ውስጥ ገባ።

ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ቍስሉ ግን አመረቀዘ። ፔኒሲሊን በ1928 ቢገኝም ገና ለሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም ነበር። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ሆነ፤ ወይ የተጐዳውን ዐይን ማውጣት፤ ወይ ሕመሙ ወደ ጤናማው ዐይን ተላልፎ በፍጹም መታወር። ዐይኑ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ፤ ሥራውም የማየት ሥራ ነበረ።

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ጉጉቲቱን አልረገማትም፤ ሥራውንም አልተወም። ባንድ ዐይኑ ወደ ጫካው ተመለሰ፤ ከሁሉም ወፍ ይልቅ ጉጉትን ይከታተል ጀመር። በ1945 ከባልንጀራው ከሲረል ኒውበሪ ጋራ ስለ ሌሊት ወፎች መጽሐፍ አወጣ። ከጦርነቱም በኋላ ሃሮልድ ኤጀርተን በአሜሪካ በ1931 የሠራው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለወፍ ፎቶግራፍ በዋለ ጊዜ ሆስኪንግ ከቀደሙት ተጠቃሚዎች አንዱ ሆነ። በ1948 ነጭዋን ጉጉት ክንፎችዋን ዘርግታ የሜዳ አይጥ በአፍዋ ይዛ ስትመጣ ያነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይደነቃል። በ1970 የሕይወቱን ታሪክ ሲያሳትም በርእሱ ላይ ስለ ወፍ የተሰጠውን ዐይን አስታወሰ፤ በ1982 ደግሞ በጉጉቶች ላይ ብቻ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በ1991 በ81 ዓመቱ ሞተ።

ይህ ታሪክ ስለ ጀግንነት ብቻ ቢነገር ትርጕሙ ይጐድላል። በኦዱቦን ዘመን ስለ ምስሉ ሕይወቱን የሚከፍል ወፉ ነበረ። በኪርተኖች ዘመን የሞት ዋጋ ቀረ፤ ነገር ግን በኋላ የተነሡ ብዙዎች ጎጆውን ለማጋለጥ ቅርንጫፍ ይቈርጡ ነበር፤ በዚህም እንቍላሉና ጫጩቱ ለፀሐይና ለዝናብ፣ ለቍራና ለድመት ተጋለጠ። ጎጆዋ የተረበሸባት ወፍ ጫጩቶችዋን ጥላ ትሄድ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ምስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ከኋላው የሆነውን አያይም። ስለዚህ ጥይት የሌለው መሣሪያ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የሆስኪንግ ነገር ከዚህ የሚለየው፣ ዋጋውን የከፈለ መጪው ራሱ በመሆኑ ነው። ጉጉቲቱ ያደረገችው በቤቷ በራፍ ላይ በሌሊት የመጣባትን እንግዳ መመለስ ነበረ። ይህንንም እርሱ ራሱ አውቆ ስለ ነበረ ቂም አልያዘባትም።

የሚቀጥለው የታሪኩ ክፍል በአፍሪካ ይጀምራል። በደቡብ አፍሪካ በ1926 የክሩገር የዱር አራዊት ጥብቅ ሥፍራ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1927 ለጐብኝዎች በተከፈተ ጊዜ የገቡት አውቶሞቢሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1928 ቍጥራቸው 180 ሆነ፤ በ1929 ደግሞ 850 ደረሰ። በእግር ለሚመጣ ሰው የሚሸሽ ወይም የሚነሣበት አንበሳ አውቶሞቢሉን አይቶ በመንገዱ ላይ ተጋድሞ ይቀር ነበር። በዚያው ዘመን ማርቲን ጆንሰንና ሚስቱ ኦሳ የተባሉ አሜሪካውያን በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ በአውቶሞቢል ሆነው አንበሶችን በቅርብ ያነሡ ነበር። ከዚህ የተነሣ ተሽከርካሪ በሆነ ብረት ውስጥ ያለ ሰው በአራዊት ዐይን ሰው አለመሆኑ ታወቀ። ኪርተኖች በብዙ ድካም የሠሩት በሬ ጎማ አውጥቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የዱር ፍጥረት ከአባቶቹ ጀምሮ የሚያውቀው ጠላት በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ እጁን የሚያወዛውዝ፣ ፊቱን አቅንቶ የሚመለከት ነው። አውቶሞቢል ይህ ሁሉ የለውም። በመንገድ ዳር ባለ ዛፍ የምትኖር ጉጉት በየቀኑ ብዙ አውቶሞቢል ሲያልፍ ስላየች፣ ከእነዚያም አንዱ ክፉ ስላላደረገባት፣ እንደ ነፋስና እንደ ዝናብ ከልማዷ ትቈጥረዋለች። በሩ ተከፍቶ እግር መሬት የረገጠ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ ብረቱ ሰው ወለደ።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የሚጠብቁት ሥርዐት አለ። አውቶሞቢሉ ከሩቅ ጀምሮ እርምጃውን ቀንሶ ይቀርባል፤ በድንገት አይቆምም። መስተዋቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ይላል። ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተር ሲሠራ የሚያንቀጠቅጠው መሣሪያ ምስሉን ያደበዝዛልና። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ባቄላ ወይም ሌላ እህል የተሞላ ከረጢት ተደርጎ ረጅሙ መነጽር በላዩ ይጋደማል፤ ከዚህ የበለጠ ቀላልና የጸና መደገፊያ የለም። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ድምፅ ስለማያሰሙና በደብዛዛ ብርሃን ስለሚሠሩ ብልጭታ አያስፈልግም።

ጉጉትም ራስዋ ነገሩን ትናገራለች፤ አስተውሎ ለሚያይ ማለት ነው። ዐይንዋን ጨፍና ላባዋን ነፋ አድርጋ የተቀመጠች እንደ ሆነ በሰላም ናት። ዐይንዋን በሰፊው ከፍታ ፊቷን ወደ መሣሪያው ያቀናች እንደ ሆነ ተጠራጥራለች። ሰውነትዋን አጥብቃ ቀጥ ብላ የደረቀ ቅርንጫፍ የመሰለች እንደ ሆነ፣ ወይም ራስዋን ወዲያና ወዲህ ያወዛወዘች እንደ ሆነ፣ ፈርታለችና የመሄጃ ሰዓት ነው። በቀን ከሥፍራዋ የተባረረች ጉጉት ቀላል ነገር አያገኛትም፤ ትናንሽ ወፎችና ቍራዎች ተሰብስበው እየጮኹ ያሳድዷታል፤ በብርድ ወራት ለሌሊት አደን ያቈየችውን ኀይል በከንቱ ትጨርሳለች። ጫጩት ያላት ከሆነች ደግሞ ጉዳቱ በእርስዋ አይቆምም። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝ አገር በ1981 የወጣው ሕግ ነጭዋን ጉጉት በጎጆዋ ወይም በጎጆዋ አጠገብ ሳለች ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ ማወክን ወንጀል አድርጎታል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ነበር ማለት ሰበብ አይሆንም።

ጉጉት በሰው አፍ ብዙ ክፉ ስም ያላት ወፍ ናት። በአውሮፓም በኢትዮጵያም ጩኸቷ የሞት ምልክት ነው እየተባለ ትፈራ ነበር፤ ዳዊትም በመዝሙሩ ብቸኝነቱን ሲያለቅስ ስሟን ጠርቷል። ይህ ፍርሃት አብዛኛውን የመጣው ድምፅዋ እየተሰማ መልክዋ ሳይታይ ስለ ኖረ ነው። ፎቶግራፍ ጨለማውን በገለጠ ጊዜ በፍልፍሉ ውስጥ የተገኘው ጫጩቶችዋን የምታሞቅ፣ የእርሻን አይጥ የምትቀንስ፣ ቤቷን የምትጠብቅ ፍጥረት ነው። በባሌ ተራሮች በዲንሾ ያለውን ጫካ የሚጐበኙ ሰዎችም በቀን ከቅርንጫፍ ላይ የተኙ ጉጉቶችን እያዩ ይመለሳሉ፤ ከእነዚያም አንዷ በሊቃውንት ዘንድ በሀበሻ ስም የምትጠራው ረጅም ጆሮዋ ጉጉት ናት።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ሰው ወፍን ለማየት በመጀመሪያ ገደላት፤ ቀጥሎ በበሬ ቆዳ ተሸሸገላት፤ ቀጥሎ በሌሊት መብራት አበራባት፤ በመጨረሻም በመንገድ ዳር ዝም ብሎ መቀመጥን ተማረ። በእያንዳንዱ እርምጃ መሣሪያው እየበረታ ሲሄድ ሰውዬው ራሱን ይበልጥ ማሳነስ ነበረበት። ይህን የተረዳ ሰው የያዘውን ምስል ከማየቱ በፊት ወደ ዛፉ መለስ ብሎ ይመለከታል፤ ጉጉቲቱ በመጣ ጊዜ እንደ ነበረች ዐይንዋን ጨፍና እዚያው ተቀምጣ ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል። ሥፍራዋ ባዶ ከሆነ ግን ምስሉ ምንም ያማረ ቢሆን ዋጋውን የከፈለ ሌላ ነው።